የእማዬ ረከቦትና የሳጅኑ ደብተር

ሳጅኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን የመጣው ቡና ሊጠጣ አልነበረም። በ2006 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እማዬ በረንዳው ላይ ከሰሏን እያርገበገበች ሳለ፣ የግቢያችንን የቆርቆሮ በር ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ አንገቱን ብቅ አደረገ። በአንድ እጁ ቆቡን፣ በሌላው ጥግ ጥጉ የተላጠ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይዟል። እስክሪብቶው እንዳይጠፋ ከደብተሩ ጋር በክር ታስሯል።

«እንደምን ዋሉ እማማ? የዚህ ብሎክ ፖሊስ ነኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን አጠፋን ልጄ?»

ሳጅኑ ሳቀ። ወጣት ነው፤ ጫማው ጭቃ ቢነካውም ከላይ ተወልውሏል። «ምንም አላጠፉም፤ ለመተዋወቅ ያህል ነው። እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?»

«ከእኔ ጋር አራት» አለችው። ቆይታ ደግሞ «ከቅዱስ ሚካኤል ጋር አምስት።»

አራት ብሎ ጻፈ።

«ተከራይስ አለ?»

እማዬ ማርገብገቢያውን አስቀመጠች። ከዋናው ቤት ጀርባ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነበረችን፤ የእማዬ ጡረታ የማይደርስበትን ቀዳዳ የምትደፍነው የዚያች ክፍል ኪራይ ነበረች። «አንድ ልጅ አለ» አለች። «ጨዋ ልጅ ነው።»

ስሙን ጠየቃት፤ ነገረችው። የአባቱን ስም ጠየቃት፤ ነገረችው። የት እንደሚሠራ፣ ከየት አገር እንደመጣ ጠየቃት፤ ይህንንም ነገረችው። ከዚያ ቡና ጠጣ ብትለው ገና ብዙ ቤት ይቀረኛል ብሎ ወጣ። ማታ ራት ላይ ቅር እንዳላት ያስታውቅ ነበር። «ቡና ሳይቀምስ የሄደ ሰው ምን ይዞ እንደሄደ አይታወቅም» አለች።

የዚያ ደብተር ነገር የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ እግሩ ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ በሚባለው አሠራር ላይ የቆመ ነበር። አሠራሩ በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያስቀና ነው። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ተቀምጦ ወንጀል እስኪፈጸም አይጠብቅም፤ ሰፈሩ በቀጣና፣ ቀጣናው በብሎክ ይከፈላል፤ የተመደበው ፖሊስ ቤት ለቤት እየዞረ ከነዋሪው ጋር ይተዋወቃል፤ ነዋሪው የሚያሳስበውን ይናገራል፣ መፍትሔውንም አብሮ ይፈልጋል። ሌላው እግሩ ግን የቆመው ሌላ መሬት ላይ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በአንቀጽ 15 ላይ፣ ቤት ያከራየ ሰው ሁሉ የተከራዩን ማንነት በዝርዝር መዝግቦ በ24 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ እንዲያሳውቅ ያስገድድ ነበር። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። በሰፈራችን ይህን አንቀጽ ያነበበ ሰው ነበር ብዬ አልገምትም፤ እማዬማ ጭራሽ። እሷ የምታውቀው ሳጅኑንና ደብተሩን ነው። አንዱ አሠራር «ሌባ እንዳያስቸግራችሁ» ይላል፤ ሌላው «እናንተ ራሳችሁ እንዳታስቸግሩ»። ሁለቱም በአንድ ደብተር፣ በዚያው በክር በታሰረ እስክሪብቶ ይጻፉ ነበር።

ዘመኑም አልረዳውም። ከምርጫ 97 ወዲህ ሰፈሩና ፖሊሱ በጎሪጥ ነበር የሚተያዩት። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን በፓርላማ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋግጧል። ቁጥሩን ያነበበው ጥቂት ሰው ነው፤ ለቅሶ ያልደረሰ ግን አልነበረም። እንዲያ ባለ ሰፈር ውስጥ «ለመተዋወቅ ያህል ነው» ብሎ በር ማንኳኳት በራሱ ድፍረት ይጠይቃል።

የእማዬ ፍርሃት ግን ከዚያም ይርቃል። በ1969 ዓ.ም. የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። በደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ሰሞን የቀበሌ ሰዎች ጠመንጃም ደብተርም ይዘው ቤታቸው ገቡ። ፍራሽ ተገለበጠ፣ የዱቄት ዕቃ ተደፋ። አያቴ በዚያ ሁሉ መካከል ቡና አፍልታ ነበር። ደብተር የያዘው ሰውዬ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ከአጎቴ ጋር አብሮ ኳስ ይጫወት የነበረ። እሱ ስለሚያውቀው አጎቴን በስሙ ጠራው። አጎቴ ተነሥቶ ሄደ፤ አልተመለሰም። እማዬ ይህን ታሪክ ስትነግረን ስለ ጠመንጃው ብዙም አታወራም። ዘወትር የምትመለስበት አንድ ነገር ላይ ነው፦ «በስሙ ነው የጠራው።»

እንግዲህ የሚያውቅህ ሰው ይጠብቅሃል የሚለውን የኮሚዩኒቲ ፖሊስ ትምህርት ለእሷ አስረዳ።

ለነገሩ እርስ በርስ መጠባበቅን ከውጭ አልተማርነውም። ፖሊስ የሚባለው ስምም የደንብ ልብሱም ከመምጣቱ በፊት ሕግ ማስከበር የመንገደኛው ሥራ ነበር። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሦስተኛው «በሕግ አምላክ!» ካለ እጅ ይሰበሰብ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍና ጫፍ ተቋጥረው፣ ያለ አጃቢ፣ በራሳቸው እግር ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ነገሩ ከበድ ሲል ደግሞ ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ፤ ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። ባለዕዳና ባለገንዘብ አንድ ላይ ታስረው አብረው ሲበሉ፣ አብረው ሲተኙ አስቡት። ጠባቂው ራሱ እስረኛ ነው። ብዙ ጊዜ ይህንን ሳስብ ጨካኝነቱ ይታየኛል፤ አንዳንዴ ግን ሚዛናዊነቱ ይብስብኛል።

አውጫጭኙንም ብዙዎቻችን የምናውቀው በአያቶቻችን ወሬ ነው። ከብት ሲጠፋ ወይም ቤት ሲቃጠል አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ካልወጣም አገሬው በጋራ ይከፍላል። ይህንን ከማር የጣፈጠ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ያናድዱኛል። እርሻው እያለፈበት ፀሐይ ላይ የተቀመጠው ገበሬ መጨረሻ ላይ የሚጠቁመው ሌባውን ነው ወይስ ወዳጅ የሌለውን ሰው? መጤውን፣ ድኻውን፣ ቡዳ ነው የሚባለውን? ሰፈር ራሱን ሲጠብቅ የሚጠብቀው የራሱን ሰው ነው።

የአራዳ ዘበኛ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ብቅ ያለው፣ ከድል በኋላም በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ የወጣው፣ ከተማ ሲባል የማይተዋወቅ ሰው የሚኖርበት ቦታ በመሆኑ ጭምር ይመስለኛል። የማያውቅህ ሰው ሊዳኝህ የሚችለው በሕግ ብቻ ነው። የማያውቅህ መሆኑ አንዳንዴ ጥቅም አለው። ይህንን የተማርኩት ግን ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከታናሽ ወንድሜ መታሰር ነው።

በ2007 ዓ.ም. አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከፑል ቤት ደጅ አፍሰው ወሰዱት። ስልክ ነጥቆ የሮጠ ልጅ ወደዚያ ገብቷል ተብሎ አምስት ልጆች አንድ ላይ ተያዙ። ጣቢያ ስንደርስ ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል አሉን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል፤ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተያዘ ሰው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ 48 ይሞላዋል። ይህንን በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ በትሕትና ብነግረው «አንተ ጠበቃ ነህ?» አለኝ። አይደለሁም። «እንግዲያው ብርድ ልብስ አምጣለት።»

እማዬ ብርድ ልብስም ሽሮም ይዛ መጣች። ጣቢያ ስንቅ ያቀበለ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል፤ ያመጣው ሰው መጀመሪያ ይቀምሳል። ሳህኑ ተከፈተ፣ ፖሊሱ እንጀራውን በእስክሪብቶው ጫፍ ገለጥ ገለጥ አደረገና «ይቅመሱ እናት» አላት።

«ለልጄ መርዝ አመጣለሁ?»

«ደንብ ነው።»

ቆርሳ በላች። ከዚያ ሁለተኛ ቆረሰችና ወደ እሱ ዘረጋች፤ ጉርሻ። ፖሊሱ ግራ ቀኝ አየ። ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? አልቀበልም ቢል ነውር፣ ቢጎርስ ከደንብ ውጭ። አፉን ከፈተ። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ «ይቅመሱ» አላላትም ብዬ ብጽፍ ያምር ነበር፤ ግን በማግሥቱም ይቅመሱ አላት።

ቅዳሜ ጠዋት የብሎኩ ሳጅን ወሬውን ሰምቶ መጣ። ከመርማሪው ጋር ቆመው ሲነጋገሩ ከአጥሩ ማዶ እንሰማለን። ደብተሩን ገልጦ የእኛን ገጽ አሳየው። «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ። የብሎኬ ልጅ ነው። እናቱንም አውቃለሁ።» ሌላ ምንም አላለም። የእድራችን ሊቀመንበር መታወቂያቸውን አስይዘው ዋስ ሆኑ፤ ወንድሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነበር። በማግሥቱ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ፈንዲሻ ፈክቶ፣ ሳጅኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ረከቦቱ ፊት ተቀመጠ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጣ። ደብተሩ ከመቀመጫው ሥር ነበር። እማዬ ደብተሩን ስታየው የነበረው ዓይን ተለውጦ ነበር። በአገራችን ጉቦ ሲጠየቅ «ለሻይ» ይባላል፤ ቡና ግን በገንዘብ አይተካም፣ ሰው ይጠራበታል እንጂ። ያ ሳጅን ሻይ ጠይቆን አያውቅም።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ታሪክ ይሆን ነበር። ግን አብረው ከተያዙት አምስት ልጆች አንዱ ሊስትሮ ነበር። ከገጠር ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ መታወቂያ የሌለው፣ ሌሊቱን ከሌሎች ልጆች ጋር በተራ በሚከራዩት መደብ ላይ የሚያድር። በየትኛውም ብሎክ ደብተር ውስጥ አልነበረም። ወንድሜ ላይ ያልተገኘው ማስረጃ በእሱም ላይ አልተገኘም፤ ልዩነታቸው «አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ማጣቱ ብቻ ነው። አንቀጽ 19 «ለሚታወቅ ሰው» አይልም። እማዬ ቡናውን አስጠጥታ፣ ሳጅኑን መርቃ ሸኝታ፣ ሳህን ሸፍና ወደ ጣቢያ ሄደች። እስከ ማክሰኞ ድረስ ለማታውቀው ልጅ ሽሮ አቀበለች፤ በየቀኑም ቀመሰች። ማክሰኞ ፍርድ ቤት ወስደውታል አሏት። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ አልሰማንም።

ሳጅኑ ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም በሁለት ዓመት ውስጥ የሰፈሩ ሰው ሆነ። የባልና ሚስት ጠብ ያበርዳል፤ የውኃ መስመር ክርክር ሲነሣ ሽማግሌ ይጠራል፤ የእድር ድንኳን ሲተከል ካስማ ይመታል። ደመወዙ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ከሸሚዙ አንገት ይታወቅ ነበር፤ የውስጥ ገጹ ወደ ውጭ ተገልብጦ ተሰፍቷል። እሱም እንደ ብዙ ፖሊስ ተከራይ ነው። አከራዩ ኪራይ በጨመረች ቁጥር ፍራሹን ተሸክሞ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይዞራል። እማዬ አንድ ቀን «አንተንስ ማን መዘገበህ ልጄ?» ብላ ስትጠይቀው ቡናው ትን ብሎት ነበር።

ከዚያ መስከረም 2009 መጣ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጥቅምት ውስጥ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ በሩ ተንኳኳ። የመጡት የሰፈሩ ፖሊሶች አይደሉም፤ አንዳቸውንም አናውቃቸውም። ሰርቪስ ክፍሏ የት እንደሆነች ግን አልጠየቁንም። በቀጥታ ወደ ጓሮ አለፉና ተከራያችንን በስሙ፣ ከነአባቱ ስም፣ ጠሩት።

እማዬ ኮሪደሩ ላይ ነጠላዋን ጨብጣ ቆማ ነበር። ፊቷን አላየሁትም፤ ጨለማ ነው። ግን ምን እየሰማች እንደነበር አውቃለሁ።

ልጁ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ዝምተኛ፣ ጣቱ ሁልጊዜ ቀለም የነካው፣ አማርኛው የሌላ አገር ለዛ ያለው። ለምን እንደተፈለገ የነገረን የለም። ስሙ ከሳጅኑ ደብተር ይውጣ፣ ከሥራ ቦታው ይውጣ፣ ወይም ከሌላ ሰው አፍ ይውጣ እስከ ዛሬ አናውቅም። ሳጅኑ በማግሥቱ መጣና በሩ ላይ ቆመ። «እኔ አይደለሁም እማማ» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው። እማዬም «ግባ፣ ቡናው ደርሷል» አለችው። ገባ። እስከ በረካው ድረስ ሁለቱም አልተነጋገሩም። እኔ እስከ ዛሬ አምነዋለሁ። ሳይዋሽ እንኳን የሚሆነው ይኸው ነው፦ የጻፈው ለጎረቤትነት ሊሆን ይችላል፣ የሚያነበው ግን እሱ አይደለም። ደብተሩ የእሱ አልነበረም፤ የጣቢያው ነው፤ ጣቢያውም የሚታዘዘው ሌላ አለ። የአካባቢ ፖሊስ ከሕዝቡ ጋር ያለው ግንኙነት ይሻሻል እየተባለ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ ፈገግታ፣ ስለ ሰላምታ ሲወራ እሰማለሁ። የሳጅናችን ሰላምታ እንከን አልነበረውም። የጎደለው እሱ የሰበሰበው ወሬ በማን እጅ እንደሚገባና በምን ሕግ እንደሚገለጥ የሚጠይቅ ሰው ነው። እኛም አልጠየቅንም፤ በየሳምንቱ ቡና አብረን እየጠጣን።

ታኅሣሥ ላይ ልጁ ተመለሰ። በዚያ ወር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሐድሶ ወስደዋል ተብለው ተለቅቀዋል። ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ጉንጩ ገብቷል። ከጃኬቱ ሥር በደረቱ ላይ «አይደገምም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነጭ ከነቴራ ለብሷል። እማዬ አቅፋው አለቀሰች፤ እሱ አላለቀሰም። ሁለት ቀን ተኛ። በሦስተኛው ቀን ያላደረባቸውን ወራት ኪራይ ሳይቀር ቆጥሮ ሊሰጣት ሲል እጁን መታችው። ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ከነቴራውን ታጥቦ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ክፍሏ ውስጥ አገኘነው። ረስቶት ይሁን ትቶት አልጠየቅነውም።

አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ደብተር ይዞ የሚመጣ የለም። ደረጃው ላይ የምንገናኝ ሰዎች ራሳችንን ነቅንቀን እንተላለፋለን። በር ላይ በኮሚቴው የተቀጠሩ የጥበቃ ሠራተኞች አሉ፤ ፖሊስ የሚመጣው 991 ሲደወል ነው፣ ሲመጣም የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ይጠይቃል። ባለፈው ዓመት ስልኬን ሰርቀውኝ ለሲም ካርዱ የሚሆን ማስረጃ ለማጻፍ ጣቢያ ሄጄ ነበር። የተቀበለኝ ፖሊስ ጨዋ ነው፤ ቃሌን ሰማ፣ መዘገበ፣ ማኅተም መታልኝ። ስሜን ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ስጨርስም እንደማያስታውሰው ታውቆኛል። ከጣቢያው ስወጣ እፎይታ ይሁን ብቸኝነት ያልለየሁት ነገር ተሰማኝ።

የድሮው ግቢ ከመፍረሱ በፊት ሳጅኑ የመጣበትን አንድ ከሰዓት ግን አልረሳም። የ2009 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አቦሉን ጠጣ። አከራዩ ቤቱን ለልጇ ስለፈለገችው በወሩ መጨረሻ መልቀቅ እንዳለበት አወራ። ቶናውን ጠጣ። ዋጋው በሰፈሩ ሁሉ እንደ ናረ አወራ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እማዬን ሳያያት፣ «ያቺ ሰርቪስ ክፍል ባዶ ናት መሰለኝ» አለ።

እማዬ መልስ አልሰጠችውም። ጀበናውን አንሥታ ውኃ ጨመረች፣ መልሳ ጣደች፣ እስኪፈላ ጠበቀች። በረካውን ቀዳችለት። ስኳሩን ራሷ አማሰለችለት፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«ባዶ አይደለችም» አለች። «ዕቃ አለባት።»

ሳጅኑ ወደ ጓሮው በር አየ። ክፍሏ ውስጥ ከዚያ ነጭ ከነቴራ በቀር ምንም እንደሌለ ያውቃል፤ ባለፈው ወር ብሎኩን እንደ አዲስ ሲመዘግብ ገብቶ አይቶታል።

«እሺ እማማ» አለ። ሲኒውን እስከ አተላው ጠጥቶ ረከቦቱ ላይ መለሰ፤ ዝናቡ እስኪያባራም ተቀመጠ።